የአንጓች ወረቀትና ያላረፈው እጅ

እጃችሁ ሥራ ላይ ቢሆንም ጆሯችሁ ሥራ ፈት ነውና ስሙኝ። አላችሁ? ካላችሁ ልጀምር።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሬላ ተሸክማለች። ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ የተቦካ ሲሚንቶ የሚያመላልስበት ሳንቃ ነው። እሷ ሁልጊዜ የኋላውን ነበር የምትይዘው። ከኋላ የያዘ ሰው የፊተኛውን ጀርባ እንጂ መንገዱን አያይም። ዘጠኝ ዓመት ጀርባ ስታይ ከረመች። በኋላ በኋላ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ መጮህ ጀመረ። ቱንቢ ይዘው ግድግዳ የሚያቆሙት ግንበኞች ደግሞ ዕድሜያቸው ከእሷ ያነሰ ሆነ። አንድ ቀን ባሬላውን አስቀመጠችና፣ «እኔም ግንበኝነት ልማር» አለች።

ማሠልጠኛው ሄደች። «የስምንተኛ ክፍል ውጤትሽን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ» አሏት። ምዝገባው የሚዘጋው በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያ ካለፈ ለከርሞ ነው። ለከርሞ ጉልበቷ ይኑር አይኑር እሷም አታውቅም።

እና የፈለገችው ይህችን ብቻ ነው። አንዲት ወረቀት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ከማሠልጠኛው ፊት ለፊት ወዳለው የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባች። ከወረፋው አንደኛ ነበረች። እልፍነሽ የምትባለዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሟን ጠየቀቻት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፣ ፈገግ አለችና «አገኘሁሽ» አለች። «አገኘሁሽ» ብላ አፏን ሳትዘጋ መብራት ሄደ።

አሥር ደቂቃ ቆይቶ መጣ። ግን አንጓች ወረቀቷን አላገኘችም።

«እትዬ፣ መብራቱ መጥቷል'ኮ።»

«መብራቱማ መጥቷል። እሱ ነው እንጂ ያልተነሳው።»

«ማን?»

«ሰርቨሩ ነዋ! ያ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ትልቁ ማሽን። የከተማው ተማሪ ሁሉ መዝገብ እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ እንዳለ ነው የወደቀው።» እልፍነሽ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። «እኔ ምን ላድርግሽ? ይኸው ፕሪንተሩ። ከፈለግሽ ራስሽ ለምኚው።»

እልፍነሽ ለቀልድ ነው ያለችው። አንጓች ግን ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ቀትርም አለፈ፣ ስምንት ሰዓትም አለፈ። ያኔ ቀልዱን ትታ የምሯን ወደ ፕሪንተሩ ጎንበስ አለች።

«አንተ ፕሪንተር፣ እባክህ ወረቀቴን አትምልኝ።»

ፕሪንተሩ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ምኑን ላትም? ባዶ ወረቀት ከሆነ የምትፈልጊው ይኸው እስከ አንገቴ ሞልቶልኛል። ፋይልሽ ካልመጣ ግን አላትምም።»

ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ወደ ፋይሉ ሄደች። ፋይሉ በማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ በብዙ ሺህ ፋይሎች መሀል ተኝቷል።

«አንተ ፋይል፣ እባክህ ተነስና ወደ ፕሪንተሩ ሂድልኝ።»

«እኔማ አለሁ፣ የትም አልሄድኩም» አላት ፋይሉ። «ግን ማውጫው ስሜን ካልጠራ አልነሳም። እዚህ ስንት ሺህ ነን፤ ሁሉም በገዛ እጁ ቢነሳ ምን ልንሆን ነው?»

ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ወደ ማውጫው ሄደች። ማውጫው እያንዳንዱ ፋይል ስሙ ማን እንደሆነና የት እንደተኛ ያውቃል።

«አንተ ማውጫ፣ እባክህ የፋይሌን ስም ጥራልኝ።»

ማውጫው ራሱን ያዘ። «ሌላ ቀን ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እጠራልሽ ነበር። ዛሬ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። መብራት ሲሄድ አንዱን ላስወጣ፣ አንዱን ላስገባ እጄ አየር ላይ ነበር። አሁን ብጠራ የአንዱን ልጅ ውጤት ለሌላው እሰጣለሁ። የሰው ልጅ ወድቆ አልፏል፣ አልፎ ወድቋል ልበል? ውሎ ደብተሩ የሆነውን ካልነገረኝ አልጠራም።»

አንጓች ይህን ስትሰማ መቆጣት አማራት፣ ግን አቃታት። የሰው ውጤት ለእሷ ቢሰጣት ምን ታደርግበታለች? የእሷስ ውጤት ለሌላ ቢሄድ?

ማውጫው አይጠራም፤ ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ወደ ውሎ ደብተሩ ሄደች። ማሽኑ አንድ ነገር ከመሥራቱ በፊት «ይህን ልሠራ ነው» ብሎ የሚጽፈው፣ ሠርቶ ሲያበቃም «ጨርሻለሁ» ብሎ የሚጽፈው እሱ ላይ ነው።

«አንተ ውሎ ደብተር፣ እባክህ መብራት ሲሄድ የሆነውን ለማውጫው ንገርልኝ።»

«ሁሉም እኔ ላይ አለ» አላት። «የእኔ ሕግ ቀላል ናት። ‹ጨርሻለሁ› የተባለውን ተጨርሷል እላለሁ። ተጀምሮ ያልተጨረሰውን እንዳልተጀመረ እቆጥረዋለሁ።»

ይቺ ነገር አንጓችን ወጋቻት። ለምን ብትሉ፣ አንጓች ዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ተምራለች። ቅጠል በማጉያ አይታ ደም ሥሩን በእርሳስ ሥላለች፤ መምህሩ ሥዕሏን ሰሌዳ ላይ ለጥፎላት ነበር። ታኅሣሥ ላይ እናቷ አልጋ ያዘች፣ አንጓችም ባሬላ ያዘች። በዚያው ቀረ።

«ግማሹስ?» አለችው። «የተደከመበት ግማሽስ የት ይገባል?»

«እኔ ጋ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ግማሹን እንደ ሙሉ ካልኩ ማሽኑ በሙሉ ውሸታም ይሆናል።»

«ተሠርቷል'ኮ። አልተሠራም ትለዋለህ?»

«አልተሠራም አላልኩም። እኔ ጋ የለም ነው ያልኩት። አንቺ ጋ ካለ አንቺ ታውቂያለሽ።»

አንጓች፣ «እሺ ይሁን። ያለህን ለማውጫው ንገረው» አለችው።

«አልነግርም። ስወድቅ ገጼ ተቀዶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ ፍተሻው ይለቅና።»

ውሎ ደብተሩ አይናገርም፤ ማውጫው አይጠራም፤ ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ወደ ፍተሻው ሄደች። ፍተሻው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ክፍል፣ ከትልቁ ማሽን ጋር በተያያዘው ስክሪን ላይ፣ ነጭ ቁጥር ሆኖ ይታያል። አሥራ አንድ ከመቶ። ቆየት ብሎ አሥራ ሁለት። እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል።

«አንተ ፍተሻ፣ እባክህ እለቅልኝ።»

ፍተሻው መቁጠሩን ሳያቋርጥ መለሰላት። «እኔ ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ? እያንዳንዱን በር አንኳኳለሁ። ‹ይህ ቦታ የማን ነው?› እላለሁ። ሁለት ፋይል የኔ ነው ያሉትን አስታርቃለሁ፣ ማንም የኔ ነው ያላለውን አነሳለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ከዚያ አልጨምርም። ግን ስልሳ ላይ ስደርስ አንድ እጅ ይመጣና ድርግም ያደርገኛል። ስነቃ እንደገና ከአንድ። ከጠዋት ጀምሮ ስልሳን አልፌ አላውቅም። ያ እጅ ካላረፈ አላልቅም።»

ፍተሻው አያልቅም፤ ውሎ ደብተሩ አይናገርም፤ ማውጫው አይጠራም፤ ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

እጁ የማን ነው? የደርብ ነው። ደርብ የማሽኑ ጠባቂ ነው፤ ደህና ሰው፣ ቅን ሰው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ከማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ጣቱ ከማብሪያ ማጥፊያው ቁልፍ አይርቅም።

«ጋሼ ደርብ፣ እባክዎ እጅዎን ያሳርፉልኝ።»

«እንዴት ላሳርፍ? አይታይሽም ተንቀራፍፎ?» አለ ደርብ። «ማሽን ሲያኮርፍ ታጠፊዋለሽ፣ ታበሪዋለሽ። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚድነው።»

«ዛሬስ ዳነ?»

ደርብ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? መጠበቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን እጄን አጣጥፌ ቁጭ ስል ያ ወረፋ ያየኛል። ‹ደሞዝ የሚበላው ለመቀመጥ ነው› ይለኛል። ቁልፉን ስጫን፣ ማሽኑ ጢው ሲል፣ መብራቱ ብልጭ ሲል፣ ‹ይኸው እየሞከረ ነው፣ ጎበዝ› ይላሉ። ወረፋው ዝም ካላለኝ እጄን አላሳርፍም።»

እጅ አያርፍም፤ ፍተሻው አያልቅም፤ ውሎ ደብተሩ አይናገርም፤ ማውጫው አይጠራም፤ ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ወደ ወረፋው ሄደች። ወረፋው አሥራ አራት ሰው ነው፤ ሲጮህ ግን መቶ አርባ ይመስላል። ከሁሉም ድምፃቸው የሚጎላው ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ የልጃቸውን ወረቀት ለዚያው ማሠልጠኛ ሊወስዱ መጥተዋል።

«ኧረ ደርብ! እንቅልፍ ወሰደህ ወይ?» ይላሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «ነካ ነካ አድርገው እንጂ!»

«እኛ መሥሪያ ቤት አንዴ አጥፍተው ሲያበሩት ነው ቀጥ የሚለው» ትላለች ከኋላ ያለች ነጠላ ያጣፋች ሴት።

«ኬብሉን ይንቀለው! ኬብሉን!» ይላል ሌላው። የትኛውን ኬብል እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

«እናንተ ሰዎች፣ እባካችሁ ዝም በሉልኝ» አለች አንጓች።

«ዝም?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል'ኮ! ልጄ እዚያ ማዶ በር ላይ ቆማ ዓይኗ ፈጦ እየጠበቀችኝ እኔ እዚህ ዝም ልበል? ያንን የግድግዳ ሰዓት አቁሚልኝና ዝም እላለሁ!»

«እውነታቸውን ነው! ሰዓቱ ይቁም፣ እኛም ዝም እንላለን!» አለ ወረፋው።

ወረፋው ዝም አይልም፤ እጅ አያርፍም፤ ፍተሻው አያልቅም፤ ውሎ ደብተሩ አይናገርም፤ ማውጫው አይጠራም፤ ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ቀና ብላ ሰዓቱን አየችው። ስምንት ሰዓት ከአርባ ይላል።

«አንተ ሰዓት፣ እባክህ ትንሽ ቁምልኝ።»

ሰዓቱ አልመለሰላትም። ሌላው ሁሉ ለምን እንደማይሆን ምክንያቱን ነግሯታል። ሰዓቱ ግን ምክንያትም አልሰጣት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ስምንት ከአርባ አንድ ሆነ።

ሰዓቱ አይቆምም፤ ወረፋው ዝም አይልም፤ እጅ አያርፍም፤ ፍተሻው አያልቅም፤ ውሎ ደብተሩ አይናገርም፤ ማውጫው አይጠራም፤ ፋይሉ አይመጣም፤ ፕሪንተሩ አያትምም፤ አንጓችም ወረቀቷን አታገኝም።

ከሰዓቱ ወዲያ የሚኬድበት የለም። አንጓች ኮሪደሩ መሀል ቆመች። ማልቀስም አማራት፤ ግን የቀን ሥራ ለለመደ ሰው እንባም ቶሎ አይመጣም። ቆማ ሰዓቱን እያየች በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ጋሼ ደርብ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ አጠፉት?»

«አራቴ» አለ ደርብ ከበሩ ብቅ ብሎ።

«መጨረሻ ያጠፉትስ መቼ ነው?»

«ስምንት ከሃያ ላይ።»

«ሁለት ሰዓት ነው የሚፈልገው። መብራት ከመጣበት ከሦስት ከአሥር ጀምሮ ማንም ባይነካው አምስት ከአሥር ላይ አልቆ፣ ሁላችንም ወረቀታችንን ይዘን ቤታችን ገብተን ነበር።» ወደ ወረፋው ዞረች። «አሁንም ካልተነካ አሥር ከሃያ ላይ ያልቃል። አርባ ደቂቃ ይተርፈናል። አንዴ ከተነካ ግን የማናችንም ወረቀት ዛሬ አይወጣም።»

«አንቺ ደግሞ ስለኮምፒውተር ምን ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። ሰው ሳቀ።

«ምንም አላውቅም፣ ጋሼ። ሊሾ ግን አውቃለሁ።»

«ሊሾ?»

«የሲሚንቶ ወለል። ተወልውሎ ካለቀ በኋላ ሥራው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አለመንካት ነው። አንዴ በር ላይ አስቀመጡኝ፣ ሰው እንዳላስገባ። ባለቤቱ መጡ፣ ‹ደረቀ?› ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉት። ልጃቸው መጣ፣ ‹ደረቀ?› ብሎ በጫማው ጫፍ ነካው። ጎረቤት መጣ። ሁሉም ትንሽ ነው የነካው። ስናየው እንደ ወንፊት ሆኗል። አፍርሰን ደገምነው። በሁለተኛው ጊዜ ሳንቃ አጋድሜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለቤቱንም ‹አያልፉም› አልኳቸው። ሰደቡኝ። ያን ቀን እንደደከመኝ ባሬላ ስሸከም ደክሞኝ አያውቅም።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ነጠላ ያጣፋችው ሴት፣ «እውነቷን'ኮ ነው» አለች። ግን እውነት ነው ማለትና ዝም ማለት ይለያያሉ፤ ወረፋው እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። የደርብም ጣት ወደ ቁልፉ ተመለሰች።

ያኔ አንጓች ምን አደረገች? ከማሽኑ ክፍል ወንበር አወጣችና ኮሪደሩ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ አስቀመጠችው።

«ጋሼ ደርብ፣ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ። ሰው ሁሉ እያየዎት ይቀመጡ። ዛሬ ሥራዎ መቀመጥ ነው፤ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ደግሞ ከባዱ እሱ ነው።»

ደርብ አፈረ፣ ተቅለሰለሰ፣ ተቀመጠ።

«እና ጋሽ ማንደፍሮ» አለች፣ «ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያነብልን ሰው እንፈልጋለን። ከዚህ እስከዚያ የሚሰማ ድምፅ የእርስዎ ብቻ ነው። ከበሩ ሳያልፉ፣ በየአሥር ደቂቃው።»

ጋሽ ማንደፍሮ ኮታቸውን አስተካከሉ። በሩ ላይ ቆሙ። አንገታቸውን አስግገው አነበቡ፣ «ሃያ ሁለት!»

«ስንት አሉ?» አለ ከኋላ ያለው።

«ዝም በል፣ እንስማበት!» አለው ከፊቱ ያለው።

«ሠላሳ አንድ!» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«እሽሽ!»

ቁጥሩን ለመስማት ብሎ ወረፋው ዝም አለ። ስልሳ ላይ ሲደርስ የደርብ ጣት የወንበሩን እጀታ ተጫነች። አንጓች አየችው፤ እሱም አያት። ጋሽ ማንደፍሮ ቀስ ብለው፣ «ስልሳ አራት» አሉ። ከዚያ ቆይተው፣ «ሰባ ሦስት»። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያላየው ቁጥር ነበር።

ሰዓቱ አልቆመም። እንዲቆምም የጠየቀው የለም።

ወረፋው ዝም አለና እጅ አረፈ፤ እጅ አረፈና ፍተሻው አለቀ፤ ፍተሻው አለቀና ውሎ ደብተሩ ተናገረ፤ ውሎ ደብተሩ ተናገረና ማውጫው መጥራት ጀመረ!

እልፍነሽ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። «አንጓች! አንደኛ አንቺ ነሽ፣ ነይ!» ጻፈች። ፈለገች። ፊቷ ተለወጠ። «የለሽም።»

«እንዴት የለሁም? ጠዋት ‹አገኘሁሽ› ብለውኝ አልነበር?»

«አግኝቼሽ ነበር። ካገኘሁሽ በኋላ ‹ወረቀት የጠየቁ› ወደሚለው ዝርዝር ላዛውርሽ ስል ነው መብራት የሄደው። እዚያ ውስጥ ግን የለሽም። ይኸው፣ ባዶ ነው።» እልፍነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ጠፋሽብኝ፣ እህቴ።»

ጋሽ ማንደፍሮ ከኋላ፣ «አሥር ከሃያ አምስት!» አሉ። ሰዓቱንም ማንበብ ጀምረው ነበር።

አንጓች አሰበች። ማዛወሩ ተጀምሯል። አልተጨረሰም። ያልተጨረሰው እንዳልተጀመረ ነው። ስለዚህ አልተዛወረችም፤ ጠዋት ከነበረችበት አልተነቃነቀችም።

«እትዬ፣ ሳያዛውሩኝ በፊት የት ነበርኩ?»

እልፍነሽ ወደ ወረፋው ሰረቅ አድርጋ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተይው፣ እሱን እኔ...»

«የት ነበርኩ?»

አንጓች ገባት። ዘጠኝ ዓመት ከሰው ፊት ያልጠራችው ቃል ነው። ሥራ ቦታ «እስከ ስንት ተማርሽ?» ሲሏት ባሬላውን ከፍ አድርጋ መንገድ ትቀይር ነበር። አሁን ከኋላዋ አሥራ ሦስት ሰው ዝም ብሎ ቆሟል፤ ዝም እንዲሉ ያደረገቻቸው ደግሞ ራሷ ናት። እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች።

«ትምህርት ካቋረጡት ውስጥ ይፈልጉኝ» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው።

እልፍነሽ ጻፈች። ፈለገች።

«አለሽ! ኧረ ሙሉ ነሽ! አንድ ነጥብ አልጎደለብሽም!»

ማውጫው ስሟን ጠራ፤ ፋይሉ ከተኛበት ተነሳ፤ ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ አተመ፤ አንጓችም ወረቀቷን አገኘች!

ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። ሁለቱን ጫፍ ይዛ አየችው። የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ በየትምህርቱ። ከታች በቀጭን ፊደል፣ «ዘጠነኛ ክፍል ጀምራ አቋርጣለች»።

«ጠፋችሁ የተባላችሁ ሁሉ፣ ‹በድሮ ቦታዬ ፈልጉኝ› በሉ!» አለች ለወረፋው፣ እየወጣች። ጋሽ ማንደፍሮም ቃሏን ተቀብለው እስከ ግቢው በር በሚሰማ ድምፅ ደገሙት። ደርብ ከወንበሩ አልተነሳም ነበር። ስታልፍ ቀና ብሎ፣ «እውነትሽን ነው፣ ይከብዳል» አላት።

መንገዱን ተሻገረች። የማሠልጠኛው መዝጋቢ መነጽሩን ወደ ግንባሩ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። ወረቀቱን ተቀበለ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ እስክሪብቶውን አነሳና ቆም አለ።

«እዚህ ዘጠነኛ ጀምረሽ አቋርጠሻል ይላል። የትኛውን ልጻፍልሽ?»

«ስምንተኛ ጨርሳለች ብለህ ጻፍ፣ ወንድሜ። የተጨረሰው እሱ ነው።»

«የዘጠነኛውስ?»

«እሱን አትጻፈው» አለች አንጓች። «እኔ ይዤው እገባለሁ።»

ጻፈላት፤ ገባች። እኔም እስከዚህ ተሸክሜዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ተቀበሉኝ።